ጥገኝነት የሚጠየቀው ከደረሱ በኋላ ነው፤ ታዲያ እንዴት ነው የሚደረሰው?

የቀበና ልጅ (ክሩን የጀመረችው) — ሰኞ፣ ከምሽቱ 2:10

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ መድረክ ላይ አንባቢ ነኝ፣ ብዙም አልጽፍም። ዛሬ ግን ያልገባኝ ነገር አለ።

የአጎቴ ልጅ ከአገር መውጣት ነበረበት። ለምን እንደሆነ አልዘረዝርም፣ የራሱ ጉዳይ ነው። ብቻ ሥራ ፍለጋ አይደለም። ሥራማ ነበረው፣ ያውም ደህና ሥራ። ዘመድ አዋጥቶ በፍራንክፈርት በኩል ወደ ደቡብ አሜሪካ ትኬት ቆረጠለት። የመድረሻውን አገር ቪዛ ይዟል። እውነቱን ለመናገር ሐሳቡ ፍራንክፈርት ላይ ወርዶ እጁን መስጠትና ጥገኝነት መጠየቅ ነበር።

ቦሌ ሄደ። ሻንጣውን ሚዛን ላይ ሲያስቀምጥ ልጅቷ ፓስፖርቱን ገለጥ ገለጥ አድርጋ "የትራንዚት ቪዛህስ?" አለችው። "ከኤርፖርት አልወጣም እኮ፣ አውሮፕላን ብቻ ነው የምቀይረው" አላት። "ቢሆንም" አለችው። አለቀ። ሻንጣውን ይዞ በታክሲ ወደ ቤት።

ከዚያ አንድ ኤምባሲ ሄዶ ጠየቀ። ጥገኝነት እዚህ አይጠየቅም፣ አገራችን ገብተህ ነው አሉት። እንዴት ልግባ አለ። በቪዛ አሉት። እሺ ቪዛ ስጡኝ ሲል፣ ተመልሰህ እንደምትመጣ ማስረጃ አምጣ አሉት።

ይሄ ነገር ሕግ ነው ወይስ ቀልድ?


አስተርጓሚው — ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:42

እህቴ፣ ሕግ ነው። ቀልድም ነው።

እኔ ጠበቃ አይደለሁም። ቨርጂኒያ ነው የምኖረው፣ አሳይለም (ጥገኝነት) ለሚጠይቁ ሰዎች ካስተረጎምኩ 11 ዓመት ሆነኝ። የማውቀውን ልጻፍልሽ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

የ1951 የስደተኞች ስምምነት ሁለት ትልልቅ ነገሮች ይላል። አንቀጽ 33፦ ሕይወቱ ወይም ነፃነቱ አደጋ ላይ ወደሚወድቅበት ቦታ ስደተኛን አትመልስ። አንቀጽ 31፦ ከአደጋ በቀጥታ የመጣና ሳይዘገይ ራሱን ለባለሥልጣን ያቀረበን ስደተኛ ያለ ፈቃድ ገባህ ብለህ አትቅጣው። ሕጉ ራሱ ሰው ሲያመልጥ ቪዛ ላይኖረው እንደሚችል ያውቃል ማለት ነው። ግን "ቪዛ ስጠው" የሚል አንቀጽ የለም። ከለላው የሚጀምረው ደጃቸው ላይ ከቆምሽ በኋላ ነው። ስለዚህ መንግሥታት ደጁን አራቁት።

የአጎትሽን ልጅ የመለሰችው ልጅ የጀርመን ፖሊስ አይደለችም፣ ሥራዋን ነው የሠራችው። የአውሮፓ ኅብረት በ2001 ባወጣው መመሪያ መሠረት፣ ሰነዱ ያልተሟላ መንገደኛ ያመጣ አየር መንገድ በአንድ ሰው በሺዎች የሚቆጠር ዩሮ ሊቀጣ ይችላል። መልሶ የሚወስደውም በራሱ ወጪ ነው። ስለዚህ ድንበሩ ያለው ቦሌ፣ ሻንጣ ሚዛን አጠገብ ነው። እዚያ ደግሞ ዳኛ የለም፣ አስተርጓሚ የለም፣ ይግባኝ የለም። ልጅቷ የምታውቀው ቅጣቱን ነው። "ስደተኛ ነህ ወይ?" ብላ አትጠይቅም፤ ብትጠይቅም ምን ታደርግበታለች?

የትራንዚት ቪዛው ነገር ደግሞ እንዲህ ነው። በሸንገን አገሮች (አንድ ቪዛ በሚጠቀሙት የአውሮፓ አገሮች) ኤርፖርት ውስጥ አውሮፕላን ለመቀየር ብቻ ቪዛ የሚጠየቁ 12 አገሮች በጋራ ዝርዝር ውስጥ አሉ። ኢትዮጵያ አለችበት። ከማን ጋር መሰለሽ? አፍጋኒስታን፣ ኤርትራ፣ ሶማሊያ፣ ኢራቅ፣ ኢራን፣ ዴሞክራቲክ ኮንጎ፣ ናይጄሪያ፣ ጋና፣ ፓኪስታን፣ ባንግላዴሽ፣ ስሪላንካ። ዝርዝሩን ሳይ የሰርግ ጥሪ ወረቀት ይመስለኛል። ብዙ ጥገኝነት ጠያቂ የሚወጣባቸውን አገሮች ቁጭ አድርገው ነው የቆጠሩት።

ኤምባሲውን በተመለከተ፦ ስዊዘርላንድ እስከ 2012 ድረስ በኤምባሲዎቿ የጥገኝነት ማመልከቻ ትቀበል ነበር። ካርቱም ላይ ስንት ኤርትራዊ ተጠቅሞበታል። በዚያው ዓመት ተዘጋ፣ በ2013 ሕዝበ ውሳኔም ጸና። በ2016 ደግሞ አንድ የሶሪያ ቤተሰብ ከአሌፖ ቤይሩት ድረስ ሄዶ ከቤልጂየም ኤምባሲ ቪዛ ጠየቀ፣ ልክ እንደ አጎትሽ ልጅ ጥገኝነት ልንጠይቅ ነው ብሎ በግልጽ። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በ2017 የኅብረቱ ሕግ እንዲህ ያለ ቪዛ ስጡ ብሎ አገሮችን አያስገድድም አለ። እውነቱን የተናገረ ቪዛ አያገኝም። የዋሸ ምናልባት።


ዘመን_21 — ሰኞ፣ ከምሽቱ 4:05

ከርዕሱ ውጪ ነው ይቅርታ፣ የዲቪ ፎርም መቼ ነው የሚከፈተው?


አወያይ — ሰኞ፣ ከምሽቱ 4:20

ወንድም፣ የዲቪ ክር ለብቻው አለ። ከዚህ በላይ የነበረውን "በ3 ሳምንት አስገባለሁ" የሚል የደላላ ስልክ ቁጥርም አጥፍቼዋለሁ። የለጠፍከው ሰው፣ ሁለተኛ ካየሁህ ትታገዳለህ።


በእግሩ የመጣ — ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1:30

የሌሊት ሽፍት ላይ ሆኜ ነው ያነበብኩት። አስተርጓሚው ያልከው የቪዛ ነገር እኔም ጋ ደርሷል። ኢኳዶር በ2008 ለዓለም ሁሉ ቪዛ አንስታ ነበር። በ2010 መልሳ ለጥቂት አገሮች ቪዛ አደረገች፣ እኛም ውስጡ አለንበት። ከዚያ በኋላ ያገሬ ልጅ በሌላ በሌላ በር እየገባ ወደ ላይ፣ ወደ አሜሪካ፣ መሄዱን ቀጠለ። ዋጋው ብቻ ነው የጨመረው። አንድ በር በተዘጋ ቁጥር ደላላ ይጠቀማል፣ ይሄን በዓይኔ አይቻለሁ።

በኮሎምቢያና በፓናማ መሃል ስላለው የዳሪየን ጫካ አልጽፍም። የሚያውቅ ያውቀዋል።

ስለ ደብተሩ ግን ልንገራችሁ። በ2019 ነው፣ ቲኋና፣ የሜክሲኮ የድንበር ከተማ። አሜሪካ ያኔ በቀን የምትቀበለው ጥቂት ሰው ነበር። ኬላው ላይ ሄደህ "ጥገኝነት እፈልጋለሁ" ብትል "ዛሬ ሞልቷል" ይሉሃል። በአሜሪካ ሕግ እኮ መሬታቸው ላይ የደረሰ ሰው፣ በኬላ ገባም አልገባም፣ ጥገኝነት መጠየቅ ይችላል። ስለዚህ መሬታቸውን እንዳትረግጥ ከመስመሩ አንድ እርምጃ ወዲህ ያቆሙሃል።

ሰዉ ምን አደረገ፣ ደብተር ገዛ። የትምህርት ቤት ደብተር። ኬላው ፊት ለፊት ያለው አደባባይ ላይ ራሳቸው ስደተኞች ናቸው የሚይዙት። አንድ ቁጥር ስር 10 ሰው ይጻፋል። በየጠዋቱ ሄደህ ትቆማለህ፣ ቁጥር ይጠራል። አንዳንድ ቀን ሦስት ቁጥር፣ አንዳንድ ቀን ምንም። ስማችንን ሲጠሩት ደግሞ አይጣል ነው። የአባቴን ስም አስቀድመው በስፓኒሽ ነው የሚጮሁት፣ ራሴን ላውቀው አልቻልኩም። ጓደኛዬ በዚህ የተነሳ ወረፋው አልፎት ሊቀር ነበር።

ስሜ የተጻፈው ጁን ላይ ነው። ሳይጠራ ጁላይ 16 ሌላ ሕግ ወጣ፦ በሦስተኛ አገር አልፎ የመጣና እዚያ ጥገኝነት ጠይቆ ያልተከለከለ ሰው አሜሪካ ላይ አይጠይቅም የሚል። እኔ ስንት አገር ነው ያለፍኩት! ወደ ውስጥ ስገባ ጁላይ 16 አልፎ ነበር። በኖቬምበር ሳንዲዬጎ ያሉ የፌዴራል ዳኛ ከጁላይ 16 በፊት ድንበር ደርሶ ወረፋ እንዲጠብቅ የተደረገን ሰው ይሄ ሕግ አይነካውም ብለው ወሰኑ። ጠበቃዬ "ማስረጃ አለህ?" አለኝ። ቁጥሬ የተጻፈባት ብጣሽ ወረቀት ነበረችኝ። ካልሲዬ ውስጥ ነው የያዝኳት፣ ለምን እንደያዝኳት እኔም አላውቅም። መንግሥት ያላወቀው ደብተር ነው ያዳነኝ።

አሁን ወረቀቴን አግኝቻለሁ። እሷን ብጣሽ ግን አልጣልኳትም።


ወረፋ ጠባቂ — ማክሰኞ፣ ከቀኑ 6:15

ላስከፋችሁ አይደለም፣ ግን አንድ ሰው መናገር አለበት። እኔ በዲቪ ነው የመጣሁት፣ ባለቤቴን ለማምጣት ደግሞ አራት ዓመት ጠብቄአለሁ። አገር ማለት ድንበር ያለው ነው። ማንም እየመጣ በሩን ቢገፋ እኛስ ብንሆን እንቀበላለን? ደግሞ እንተዋወቃለን፣ ግማሹ ኬዝ (የጥገኝነት ታሪክ) የተጻፈው ደላላ ቤት ነው። ለእውነተኛው የሚጠበበው በሐሰተኛው ምክንያት ነው።


አስተርጓሚው — ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1:50

ወንድሜ፣ አልከፋኝም። አንድ ዓይነት ታሪክ፣ ከነዝናቡ ከነጨለማው፣ ከሦስት የተለያዩ ሰዎች አፍ አስተርጉሜአለሁ። ሦስተኛው ላይ እኔው ልቀጥልለት ምንም አልቀረኝም። የተገዛ ኬዝ አለ፣ አልክድህም።

ግን ሐሰተኛውን ከእውነተኛው የሚለየው ምንድነው? ቃለ መጠይቁ ነው። ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ፣ ቀን ተጠይቆ፣ ሰነዱ ታይቶ። አጥር ይሄን አይሠራም፣ ሁለቱንም እኩል ነው የሚያቆመው። እንዲያውም ሐሰተኛው ገንዘብ ካለው የተሻለ ሰነድ ይገዛል። ባዶ እጁን የሮጠው ነው አጥሩ ስር የሚቀረው። ድንበር ይኑር፤ እኔ የምለው በሩ ላይ የሚጠይቅ ሰው ይኑር ነው።

ይሄን ካነሳሁ አይቀር ስለ "መጠየቅ" አንድ ነገር ልበል። ድሮ ያለ ቪዛ ድንበር ላይ የተያዘን ሰው የአሜሪካ ኦፊሰር "ወደ አገርህ መመለስ ትፈራለህ?" ብሎ የመጠየቅ ግዴታ ነበረበት። በጁን 2024 በደቡቡ ድንበር ይሄ ቀረ። ሰውየው ራሱ፣ ሳይጠየቅ፣ ፍርሃቱን መናገር ወይም ማሳየት አለበት ተባለ። ጠበቆቹ "የጩኸት ፈተና" አሉት።

አሁን ይሄን ለሐበሻ አምጡት። እኛ ዩኒፎርም ፊት አንጮህም። አንገት ደፍቶ "አቤት" ማለት ነው ያደግንበት። "እንዴት ነህ?" ሲሉት የሞተ ልጁን ቀብሮ የመጣ ሰው እንኳ "ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን" ነው የሚለው። እኔ ይሄን ስንት ጊዜ እንግሊዝኛ አድርጌ እንደተናገርኩ! ቃል በቃል ትክክል ነው፣ ሰውየው ግን ደህና አልነበረም። አስተርጓሚ ከራሱ መጨመር አይፈቀድለትም። "ጌታዬ፣ እኛ አገር ይሄ መልስ አይደለም፣ ሰላምታ ነው" ማለት እያማረኝ ዝም እላለሁ።


ትዕግሥት አለቀ — ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:05

አስተርጓሚው አስለቀስከኝ። እኔ የስልክ ቀጠሮ ዘመን ላይ ነበርኩ፣ ሜክሲኮ ሲቲ። አማርኛ የለውም። ከአንድ የሄይቲ ልጅ ጋር እኔ በእንግሊዝኛ እሷ በራሷ ቋንቋ እየተያየን ነው የሞላነው። ሰባት ወር። ቀጠሮዬ ጃንዋሪ 22 ነበር።


አስተርጓሚው — ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:20

አይዞሽ እህቴ። ለማያውቁት ልግለጽ፦ ሲቢፒ ዋን የሚባለው መተግበሪያ ከ2023 መጀመሪያ ጀምሮ ወደ ኬላው መግቢያ ዋናው መንገድ ተደርጎ ነበር። በቀን 1,450 ያህል ቀጠሮ፣ ለድንበሩ ሁሉ። ቋንቋዎቹ እንግሊዝኛ፣ ስፓኒሽና የሄይቲ ክሪዮል ብቻ። በሱ ሳያልፍ የመጣ ሰው ለጥገኝነት ብቁ አይደለህም የሚል ሕግ ነበር የሚጠብቀው፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር። ጃንዋሪ 20፣ 2025 አዲሱ ፕሬዚዳንት ቃለ መሐላ በፈጸሙበት ቀን መተግበሪያው ጠፋ፣ የ30,000 ያህል ሰው ቀጠሮም አብሮ ተሰረዘ። "ወረፋ ጠብቁ" ለተባሉት ማለቴ ነው፣ ወረፋ ጠባቂ ወንድሜ።


ወረፋ ጠባቂ — ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:41

ይሄን አላውቅም ነበር። ወረፋ የያዘ ሰው መበተን ልክ አይደለም። የደላላ ቤቱን ነገር ግን አልተውኩም።


የሉካንዳው ልጅ — ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4:10

ከጣሊያን ነኝ። ባሕሩን የረሳችሁት ይመስላል።

ሜይ 6፣ 2009 ከሊቢያ በሦስት ጀልባ የተነሱ ወደ 200 የሚጠጉ ሰዎችን የጣሊያን መርከቦች ከላምፔዱዛ በስተደቡብ አገኟቸው። ጭነው ትሪፖሊ መለሷቸው። ስም አልጠየቁ፣ ምንም አልጠየቁ። ከነዚህ መሃል 11 ሶማሌዎችና 13 ኤርትራውያን ስትራስቡርግ ባለው የአውሮፓ የሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤት ከሰሱ። ፌብሩዋሪ 2012 ላይ ዳኞቹ በአንድ ድምፅ ፈረዱላቸው። ባሕር ላይም ብትሆን፣ ሰውየው በአንተ መርከብ፣ በአንተ ቁጥጥር ስር ከሆነ ሕጉ አብሮህ ይሄዳል አሉ። ለእያንዳንዱ 15,000 ዩሮ።

የአሜሪካው ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን በ1993 በሄይቲዎች ጉዳይ በ8 ለ1 ተቃራኒውን ነበር የወሰነው። ከባሕር ላይ መመለስን የኛ ሕግም ስምምነቱም አይከለክልም ብሎ።

ታዲያ ከ2012 በኋላ ጣሊያን ምን አደረገች? ሰውየው በእጇ እንዳይሆን አደረገች። በፌብሩዋሪ 2017 ከሊቢያ ጋር ተፈራረመች። መርከብ ሰጠች፣ አሠለጠነች። አሁን የሚይዝህ የሊቢያ ባሕር ጠባቂ ነው፣ የሚመልስህም እሱ። ከዚያ ወዲህ ከ100,000 በላይ ሰው ወደ ሊቢያ ተመልሷል። ትሪፖሊ መመለስ ማለት ምን እንደሆነ ለሐበሻ አልነግርም። ወንድሜን ያስለቀቅነው በሐዋላ ልከን ነው።


ሐሩር — ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 5:00

አውሮፓና አሜሪካ ብቻ አይደለም። ሂዩማን ራይትስ ዎች በኦገስት 2023 ባወጣው ሪፖርት የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች ከየመን ሊሻገሩ በሞከሩ ኢትዮጵያውያን ላይ በመድፍና በጥይት ተኩሰው ከማርች 2022 እስከ ጁን 2023 በመቶዎች የሚቆጠሩ ገድለዋል ብሏል። ሳዑዲ አስተባብላለች። የ1951ን ስምምነትም አልፈረመችም። እዚያ ጥገኝነት የሚባል ቢሮ የለም፣ የሚንኳኳ በርም የለም።


አራት ኪሎ — ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3:30

ሁሉንም አነበብኩ። የራሳችንስ? ኢትዮጵያ አንድ ሚሊዮን ገደማ ስደተኛ አስጠልላለች፣ ይሄ የሚያኮራ ነው። በ2019 የወጣው የስደተኞች አዋጅም ጥሩ የሚባል ነው። ግን በ2020 መጀመሪያ ላይ ኤርትራውያንን ድንበር እንዳለፉ በጅምላ መቀበል ቀርቶ እየመረጡ መመዝገብ ተጀመረ። ያኔ ወላጅ ሳይዝ የመጣ ልጅ ሳይመዘገብ ቀርቷል። በራሳችን በር ስንቆም እኛም እንደ ፈረንጁ መሆን አይከብደንም ለማለት ነው። ለካድሬ መልስ አልሰጥም፣ ደህና ዋሉ።


ደቡብ ቴል አቪቭ — ረቡዕ፣ ከቀኑ 8:20

እኔ እስራኤላዊ ነኝ፣ ቤተ እስራኤል። የምሠራው ሌቪንስኪ ፓርክ አካባቢ ነው። ጎረቤቶቼ ኤርትራውያንና ሱዳኖች ናቸው።

በ2011 በሲና በረሃ አድርገው የገቡት ከ17,000 በላይ ነበሩ። ከዚያ 240 ኪሎ ሜትር ያህል አጥር ተሠራ። በ2013 ዓመቱን ሙሉ የገቡት 50 አይሞሉም። አጥሩ ሠራ ይላሉ እዚህ፣ ቁጥሩን ላየ ሠርቷል። ሲና ላይ አጥሩ ስር የቀሩት የት እንደሄዱ ግን ማንም አልቆጠረም። የገቡት ደግሞ በሕግ የሚጠሩት "ሚስታነኒም" ተብለው ነው፣ ሰርጎ ገቦች ማለት ነው። ሕጉ በ1954 በድንበር እየገቡ ጥቃት ለሚያደርሱት የወጣ ነው። በ2012 አሻሽለውት ጥገኝነት ፈላጊውንም ያለ ፍርድ ሦስት ዓመት ማሰር ቻሉበት። ከፍተኛው ፍርድ ቤት በ2013 ሻረው፣ ፓርላማው ሌላ አወጣ፣ በ2014 ደግሞ ያንንም ሻረ። እስራኤል እኮ የ1951ን ስምምነት ቀድመው ከፈረሙት አገሮች አንዷ ናት፣ ለምን እንደፈረመች ለማንም ግልጽ ነው።

ለኔ ከባድ የሚሆንብኝ እቤት ነው። አጎቶቼ "ሰርጎ ገቦቹ ይውጡ" ሰልፍ ላይ ወጥተዋል። እናቴ ግን በ1984 ከጎንደር በእግሯ ሱዳን ገብታ ነው የመጣችው። ኡም ራኩባ ካምፕ ውስጥ ወራት ቆይታለች፣ ታናሽ እህቷን እዚያው ቀብራለች። ቪዛ አልነበራትም። ኡም ራኩባን ታስታውሱታላችሁ፣ በ2020 ከትግራይ የሸሹትም እዚያው ናቸው የተጠለሉት።


የቀበና ልጅ — ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2:45

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ለአጎቴ ልጅ ክሩን ላኩለት። አሁን ናይሮቢ ነው። በሞያሌ በኩል በአውቶቡስ። ትኬቱ አልተመለሰልንም፣ "የመንገደኛው ጥፋት ነው" ተባልን።

አስተርጓሚው፣ እዚያ ሲመዘገብ ምን ይጠንቀቅ?

ደቡብ ቴል አቪቭ፣ የአጎቴ ልጅ አንድ ነገር ጠይቂልኝ ብሎኛል። እናትህ ሱዳን ሲገቡ ድንበሩ ላይ ማን ነው የተቀበላቸው?


አስተርጓሚው — ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3:10

ቶሎ ይመዝገብ፣ አይዘግይ። የሚሰጡትን ወረቀት ሁሉ ፎቶ አንስቶ ላንቺ ይላክ። ቀኖቹን አሁኑኑ ይጻፋቸው፣ ዛሬ ሳይረሳ። ከሁለት ዓመት በኋላ ሲጠየቅ በኢትዮጵያና በፈረንጅ አቆጣጠር መሃል ይደናገራል፣ "ቃልህ ተለዋወጠ" የሚባለው በዚህ ነው። እና እንዴት ነህ ሲሉት ደህና ነኝ አይበል።


ደቡብ ቴል አቪቭ — ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 2:05

ትናንት ማታ ደውዬ ጠየቅኳት። "ማን ይቀበለናል ልጄ" አለች። "አንድ ወታደር ዛፍ ስር ተቀምጦ ነበር። ብዙ ነበርን፣ ሕፃናት ያለቅሳሉ። አየን፣ አየንና በእጁ እለፉ አለን።" ከዚያ ሌላ አታስታውስም። መልኩን ጠየቅኳት፣ ጨለማ ነበር አለች።